ነጥቧን አልነካትም

ማርች 2

የኦቶካር መበለት ዛሬ የብስኩት ቆርቆሮ ታቅፋ ደጄ መጣች። ባሏ ከሞተ ሁለት ወር እንኳ አልሞላም። «የሳንቲም ሰብሳቢ ማኅበራችሁ ሰዎች መጥተው የብር የብሩን ሳንቲም መርጠው ወሰዱ» አለችኝ። «ይሄኛውን ግን የነካው የለም፤ ጭቃ ነው አሉ። ‹ዳኒጻ ጭቃ ትወዳለች› እያሉ ሲሳሳቁ ሰምቼ ነው ያመጣሁልሽ።»

እወዳለሁ እንጂ! ሠላሳ አራት የነሐስ ሳንቲም፣ እያንዳንዱ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል፣ ከላይ እስከ ታች የአፈር ቅርፊት የለበሰ። ኦቶካር፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቅርፊቱ እንዲለሰልስ የወይራ ዘይት ውስጥ ዘፍዝፏቸው ዓመት አልፏቸዋል። የቀረው መፋቅ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ለእኔ ተዉት።

ደስታ አላስቀምጥ አለኝ። ስላቭኮ «ሾርባው አረረ» አለኝ። ይረር።

ማርች 5

ቸኩያለሁ፤ ማክሰኞ ነው፤ ማኅበሩ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ይሰበሰባል፤ የፖም ኬኩ ገና አልበሰለም።

እስካሁን አሥራ አንድ ሳንቲም ፋቅሁ። ሰባቱ የእኛው ከተማ ናቸው። ጀርባቸው ላይ በተቀረጹት ወታደሮች እግር ሥር የከተማው ሦስት ፊደል፦ ኤስ፣ አይ፣ ኤስ። ከተማችን ሲሳክ ሲስኪያ በምትባልበት ጊዜ፣ የሮማ ቄሳሮች እዚሁ ወንዛችን ዳር ያስመቷቸው! የሌላ ከተማ ሳንቲም ወርቅ ቢሆን አልሰበስብም።

ስላቭኮ ፋሲካ ሳይደርስ ብሎ የመስኮቶቹን መዝጊያ አረንጓዴ መቀባት ጀምሯል። ውጭ ስለሚበርድ ሥራው ወጥ ቤቴ ውስጥ ነው። ጠረጴዛውን ለሁለት ተካፍለነዋል። በእኔ በኩል ጋዜጣ ላይ የተሰጡ ሳንቲሞች፣ በእሱ በኩል ጋዜጣ ላይ ቆርቆሮና ብሩሽ፣ ድንበሩ የጨው ዕቃው። ድንበር የሚያከብር ባል ግን የት ይገኛል? ብሩሹን ሲያራግፍ ቀለሙ ቡናዬ ውስጥ ገባ፤ ቧንቧው ላይ ወደቀ፤ መነጽሬ ላይ ሳይቀር አረፈ። «ሰውዬ፣ ቀለም እየቀባህ ነው ወይስ ጠበል እየረጨህ?» አልኩት።

«ጠበል ቢሆንማ አንቺ ትድኚ ነበር» አለኝ።

ማርች 8

አሥራ ዘጠነኛዋን ፋቅሁ። ሁለት ወታደሮች፣ በመካከላቸው ባንዲራ፣ ከሥር ኤስ አይ ኤስ። ጥርት ያለች ናት ግን ተራ ናት፤ የእሷ ዓይነት አሥራ አንድ አለኝ። እንድትደርቅ ጋዜጣው ላይ ትቻት ልተኛ ነው። ስላቭኮ የመጨረሻዋን መዝጊያ እየጨረሰ ነው።

ማርች 9

ነጥብ!!!

ጠዋት አጉሊ መነጽሬን አድርጌ ትናንት የተውኳትን አነሳሁ፤ በ«አይ» እና በመጨረሻው «ኤስ» መካከል አንዲት ነጥብ! ክብ። ትንሽ። አረንጓዴ። ማታ እንዴት አላየኋትም? ዓይኔ ደክሞ ነው። ዓይን ሲደክም ምን ያያል?

የሲስኪያ ሳንቲሞች ሁሉ የተመዘገቡበትን መጽሐፍ አራት ጊዜ ገለበጥኩት። ከፊደላቱ በፊት ነጥብ ያለባት አለች። ከፊደላቱ በኋላ ያለባት አለች። ከፊትም ከኋላም ያለባት አለች። ኮከብ ያለባት፣ ጨረቃ ያለባት፣ ሁሉም አለች። መካከል ላይ ነጥብ ያለባት ግን የለችም። የለችም! እያንዳንዱን የምት ዙር ለመለየት የሮማ ሳንቲም መቺዎች ምልክት ያደርጉ ነበር፤ አንድ ነጥብ ማለት አንድ ራሱን የቻለ ዙር ማለት ነው፤ ይሄን ዙር ደግሞ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ በዓለም ላይ ያወቀ ሰው አልነበረም። ያወቅሁት እኔ ነኝ! በፒጃማ!

ስላቭኮን ጠርቼ አሳየሁት። መነጽሩን አድርጎ አየ። ወደ መስኮቱ ሄዶ መዝጊያውን አየ። ተመልሶ እንደገና አየ።

«ትናንት ነበረች?» አለኝ።

«ከሺህ ስድስት መቶ ዓመት በላይ ነበረች!» አልኩት።

ሳል ያዘው። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው የቁርስ ሣህኖቹን አጠበ። በሠላሳ ስምንት ዓመት የትዳር ዘመን ለመጀመሪያ ጊዜ! ሳንቲም የማይወድ የመሰለኝ ባሌ እንዲህ ልቡ ተነካ።

ማርች 12

ኮቴን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው። ከማኅበሩ አሁን መመለሴ ነው።

ይሄ ማኅበር አሥራ አንድ ወንዶችና እኔ ነን። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬአቸው ስቀመጥ የተናገርኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት። «ያልታወቀ ሳንቲም አገኘሁ» ብዬ ያቀረብኩት ነገር የኦስትሪያ ወታደር የኮት ቁልፍ ሆኖ ተገኘ። ጉስቲ፣ ያ አውቶቡስ ነጂ የነበረው ቀልደኛ፣ እስከ ዛሬ ኮቱን በቆለፈ ቁጥር ዓይኑን ይጠቅሰኛል። ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ኬክ ነው።

ዛሬ ኬኩን አስቀምጬ ሳንቲሟን አጠገቡ አስቀመጥኳት። ሊቀ መንበራችን ዶክተር ፔርኮቫች አነሷት። ጡረታ የወጡ የጥርስ ሐኪም ናቸው፤ ሳንቲም የሚያዩት አሁንም ያችን ዘንግ ያላትን የጥርስ መስታወት ይዘው ነው። እሷኑ እያገላበጡ አሥራ ሁለት ደቂቃ አዩዋት። ሰዓቱን ቆጥሬዋለሁ። ከዚያ «አልተመዘገበችም» አሉ።

ያኔ ወንበር ሲንቋቋ መስማት ነው! ሁሉም በአንዴ ተነሡ። ጉስቲ «ዳንዬ፣ ይቺኛዋ ስንት ቀዳዳ አላት? ክር ያስገባል?» አለ፤ ሌሎቹ ግን ዝም አሰኙት። ዶክተሩ ኤፕሪል 26 በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ በሚደረገው ዓመታዊ ምሽታችን ላይ ንግግር እንዳደርግ ወሰኑ። ያ ንግግር ሁልጊዜ የእሳቸው ነው። ስለ ራሳቸው ሳንቲም ነው የሚናገሩት፤ ባንዲራው አናት ላይ ነጥብ ስላለባት፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ስለያዟት። ዘንድሮ እኔ!

ስወጣ «ወይዘሮ ዳኒጻ፣ ነጥቧን እንዳይነኳት። ሹል ነገር የሚባል እንዳያስጠጉባት» አሉኝ።

አልነካትም።

ማርች 17

እግሬ መሬት አልነካ አለኝ። ገበያ ስሄድ ሥጋ ሻጩን ሳላውቀው ሰላም አልኩት። የማላውቀውን ውሻ ሰላም አልኩት።

ስላቭኮ ግን ምን እንደ ነካው እንጃ። ዛሬ «ዳና፣ ሳንቲሟን በሙቅ ውኃ ላጥብልሽ?» አለኝ። ጮህኩበት። ቀጥሎ «ባጥባት ይሻል ነበር» ብሎ አጉተመተመ። ከሰዓት በኋላ ቸኮሌት ገዝቶልኝ መጣ። በንስሐ ላይ ያለ ሰው ይመስላል። የረሳው ልደት አለ መሰለኝ።

ማርች 26

ስብሰባው ላይ ኮት መስቀያው ጋ ቆሜ የሰማሁት፦ «ዕድል እንጂ ዕውቀት አይደለም። ዕውር ዶሮም አንዳንዴ ጥሬ ታገኛለች።» ማን እንዳለው አውቃለሁ፤ ስሙን እዚህ አልጽፍም። ሁለት ቁራሽ ኬክ በላ ደግሞ።

የብረት ፋብሪካው ውስጥ ሃያ ሰባት ዓመት ክሬን ነዳሁ። ከላይ ሆኜ የቀለጠ ብረት በሰው ራስ ላይ አሳልፌያለሁ፤ የአንድ ሰው ፀጉር እንኳ አልተቃጠለም። ይሄ ሁሉ ዕድል ነበር? ዕውር ዶሮ ብሎኝ! እዚያ አዳራሽ ቆሜ ሳወራ ያየኛል።

ንግግሬን ሦስት ጊዜ ጻፍኩት። ሦስቱም ላይ ነጥቧ የምትመጣው በመጀመሪያው አረፍተ ነገር ነው።

ነጥቧ ትንሽ ታበራለች። ነሐስ አንዳንዴ ያበራል።

ኤፕሪል 4

ለንግግሩ ሻርፕ ገዛሁ። ሻጯን እስክትሰለች አስመርጫት ልክ የነጥቧን አረንጓዴ አገኘሁ። ቤት ገብቼ አደረግሁና መስኮቱ ጋ ቆሜ «እንዴት ነኝ?» አልኩት ስላቭኮን።

«ከመስኮቱ ጋር አንድ ሆንሽ» አለና ምላሱን ነከሰ። «ማለቴ፣ አምሮብሻል። በጣም አምሮብሻል፣ ሆዴ።»

ሆዴ? ሐኪም ዘንድ ሄዶ መጥፎ ነገር ነግረውት ይሆን?

ኤፕሪል 11

የቀሩትን ሳንቲሞች ፋቅሁ። ሌላ ነጥብ የለም። የምፍቅበት እሾህ ደነዘዘብኝና ከጎረቤት አጥር አዲስ የጽጌረዳ እሾህ ቆረጥኩ፤ ከብረት መርፌ እሱ ይሻላል፤ ነሐሱን አይጭርም።

እሾሁን ይዤ አሥራ ዘጠነኛዋን አወጣኋት። ብቻ ላያት ነው። መልሼ አስቀመጥኳት። ዶክተሩ አትንኪ ብለዋል፤ እኔ የሰው ቃል አከብራለሁ። የማልነካት ለዚህ ነው። በሌላ በምንም አይደለም።

ኤፕሪል 21፣ ፋሲካ

እንቁላሎቹ በሽንኩርት ልጣጭ ቀይ ሆነው ወጡ። ጭን ሥጋ፣ አዋዜ የሚያስንቅ የሚያቃጥል የፍጁል ሥር፣ ዕንባ እስኪወጣ። ስላቭኮ ጽዋውን አነሣና «ለዳና» ብሎ ቀረ።  ከዚያ በድንገት «ንግግሩ ቢቀርስ? ብንሄድስ ወደ ባሕሩ? ሁለታችን ብቻ?» አለኝ።

«ቀናህብኝ!» አልኩት። «ሃያ ሁለት ዓመት ኬክ ሳመላልስ አንድ ቀን ባሕር ትዝ አላለህም! አሁን ሰው ሊሰማኝ ሲል ባሕር?»

ሥጋውን ትቶ ተነሣ። በፋሲካ ቀን ክፉ ተናገርኩት። ምላሴ ይቆረጥ።

ኤፕሪል 24

መነጽሬን እየወለወልኩ ነበር። ጠርዙ ላይ ያ የመስኮት ቀለም አለ። በጥፍሬ ገፋሁት። ተላጠ። ክብ። ትንሽ። የሚያበራ።

አይ።

አይሆንም።

ኤፕሪል 25

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። ሆዴ ያውቅ ነበር። ከማርች ዘጠኝ ጀምሮ ያውቅ ነበር፤ አፌን ዘግቼበት ነው እንጂ።

ጠዋት ስላቭኮን ወንበር ላይ አስቀመጥኩትና «ያንተ ናት?» አልኩት። ሌላ ቃል አልጨመርኩም።

«የእኔ ናት» አለ። «ብሩሹን ሳራግፍ ነው። እንዳየኋት ነው ያወቅኋት።»

«ስድስት ሳምንት ሙሉ! ለምን አልነገርከኝም?»

«እንዴት ልንገርሽ?» አለ። «ሣህን ስታጥቢ ትዘፍኚ ነበር። ደረጃ ስትወጪ ትዘፍኚ ነበር። ነገ እነግራታለሁ እላለሁ፤ ሲነጋ ትዘፍኛለሽ። እኔ ምን ላድርግ?»

ልቆጣ ፈልጌ ነበር። እውነቴን ነው፣ ተነሥቼ ቆሜ ነበር። ግን ሳል ሲይዘው፣ ሣህን ሲያጥብ፣ ቸኮሌት ተሸክሞ ሲመጣ ሁሉም ባንዴ መጣብኝና ሳቅ አፈነኝ። እሱም ጀመረ። የጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተደግፈን እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። የሮማ መንግሥት አዲስ ዙር አወጣ! በስላቭኮ ብሩሽ!

ሳቁ ሲያልቅ ግን ንግግሩ ነገ ነው። ስልሳ ሰው ተጋብዟል። ዶክተሩ እንዳትነካ ብለዋል፤ እኔና ስላቭኮ ዝም ካልን የሚያውቅ የለም። ንግግሬን አደርጋለሁ፣ ያጨበጭባሉ፣ ስሜ የማኅበሩ መጽሔት ላይ ይወጣል። እውነቱን ካወጣሁ ደግሞ ሁለተኛ ቁልፍ። ቁልፍ አንድ፣ ቁልፍ ሁለት። እስክሞት ኮታቸውን እየቆለፉ ይጠቅሱኛል።

ስላቭኮ «አንቺ ያልሽው ይሁን» ብሏል። ይሄ ሰውዬ ሲያስፈልገኝ ምክር አይሰጥ፣ ሳያስፈልገኝ ቀለም ይረጫል።

ኤፕሪል 27

ሁሉንም በቅደም ተከተል ልጻፈው፤ ካልጻፍኩት እኔም አላምነው።

አዳራሹ ሞላ። ሳንቲሟን ካሜራ ሥር አስቀመጡልኝና ግድግዳው ላይ አጉልተው አወጧት። ነጥቧ ዳቦ አክላ! አንዲት ሴትዮ «ወይ ጉድ፣ እንዴት ታምራለች» አለች። ዶክተር ፔርኮቫች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው። ኬክ አልጋገርኩም።

ወረቀቴን ከፈትኩት። የመጀመሪያው አረፍተ ነገር ላይ ዓይኔን ተከልኩ። ነጥቧ እዚያው ናት። ወረቀቱን አጠፍኩት።

«ይቺን ነጥብ ካየኋት ጀምሮ አንድ ቀን አልነካኋትም» አልኩ። «ፈርቼ ነው። ብትወድቅ እኔም አብሬ የምወድቅ መስሎኝ ነው። ባሌ የመስኮት መዝጊያ ሲቀባ ነበር፤ ነጥቧ የመስኮቴ ቀለም ትመስለኛለች። አሁን እዚሁ እናያለን።»

እሾሁን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ዶክተሩ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ወይዘሮ ዳኒጻ!» አሉ። እኔ ግን ነካኋት። ግድግዳው ላይ እሾሁ የጅብራ ዛፍ አክሎ መጣ፣ ነጥቧን ከጎን ገፋት፣ እሷም ብድግ ብላ ተላጠችና ተንከባለለች። ከሥር ያለው ነሐስ ልሙጥ ነው። ምንም የለበትም።

ሁሉም አንገቱን ወደ ግድግዳው አሰገገ። 

ከዚያ ከኋላ የጉስቲ ድምፅ፦ «ኧረ ቁልፉ ተበጠሰ!»

መጀመሪያ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ስላቭኮ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ይንቀጠቀጣል። አዳራሹ በሙሉ ፈነዳ። እስኪበቃቸው ስቀው ሲጨርሱ እኔ አሁንም እዚያው ቆሜያለሁ፤ ሳንቲሟም ግድግዳው ላይ አለች፣ ራቁቷን። የምሄድበት ስላልነበረኝ ቀጠልኩ። ስለ እሷው አወራሁ። ባንዲራው ለምን አንድ ብቻ እንደሆነ፣ ቀድሞ ሁለት ባንዲራ እንደነበረና ሳንቲሙ ሲያንስ ቦታ ጠብቦ አንዱ እንደቀረ፣ የግራው ወታደር ጦር ለምን እንደተጣመመ፣ ቅርጹን የቀረጸው ሰው እጁ ቸኩሎ እንደሆነ በምን እንደማውቅ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ያልጠየቀኝን ሁሉ ተናገርኩ። አንድ ሰው ጠየቀ፣ ሌላ ሰው ጠየቀ፣ ያ «ዕውር ዶሮ» ያለኝ ሰውዬ ሁለት ጊዜ ጠየቀ። ጥበቃው መብራት ሊያጠፋ ሲመጣ እሱም ቆሞ ጠየቀ!

ዶክተሩ ግን አልጠየቁም። ደህና ይደሩ ሳይሉኝ ወጡ።

ኤፕሪል 28

ስልክ! ገና ቁርስ ሳልበላ!

ጉስቲ፦ «ዳንዬ፣ ኮከቤ ወደቀ!» ለአሥራ አራት ዓመት የሚመካባት ኮከብ ያለባት ሳንቲም ነበረችው። በእሾህ ሲነካት ኮከቧ ሰም ሆና ተገኘች። «ሰም ነው! የልደት ሻማ ሳይሆን አይቀርም! ሚስቴ ወለሉ ላይ ተቀምጣ እየሳቀች ነው፤ አነሣኋት፣ ተመልሳ ተቀመጠች!»

ከእሱ በኋላ ሦስት ሰው ደወለ። የአንዱ ጨረቃ ሙጫ ነው። የሁለቱ ነጥብ ንቅንቅ አላለም፤ እነሱም እየጮሁ ነው የነገሩኝ፣ ልጅ እንደተወለደለት ሰው። ከተማው በሙሉ ትናንት አመሻሽ ላይ እሾህ ይዞ ቁጭ ብሏል ማለት ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ሲሳክ ውስጥ ደግሞ በአንድ ቀን።

ዶክተሩ አልደወሉም።

ኤፕሪል 30

ዛሬ ጠዋት ዶክተር ፔርኮቫች መጡ። ቤቴን ረግጠው አያውቁም። ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ ወጥ ቤት ገብተው ጠረጴዛው ላይ አንዲት ሳንቲም ከነወረቀት ከረጢቷ አስቀመጡ። ሠላሳ አንድ ዓመት የያዟት ናት።

«ከቅዳሜ ጀምሮ እሾህ ይዤ ተቀምጫለሁ» አሉ። «አርባ ዓመት ጥርስ የነቀልኩበት እጅ እምቢ አለኝ። እርስዎ ይንኩልኝ።»

«ብትወድቅስ፣ ዶክተር?»

«ብትወድቅ ትውደቅ። ማወቅ ነው የምፈልገው።»

ነካኋት። በጣም በቀስታ ነው የነካኋት፤ እግዚአብሔር ያውቃል እንድትቆም ለምኛለሁ። ነጥቧ ብናኝ ሆና ተነሣች።

«ሄደች?» አሉ። ወደ ሳንቲሟ አላዩም፤ የሚያዩት እኔን ነው።

«ሄደች።»

መሐረብ አውጥተው አፍንጫቸውን ተናፈጡ። ወንበር ሳብኩላቸው። ስላቭኮ በር ላይ ቆሞ እንደገና ሳል ጀመረው። ዶክተሩ ግን መሐረቡን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ከሌላኛው ኪሳቸው ስድስት ከረጢት አውጥተው ደረደሯቸው። «ይቀጥሉ» አሉኝ።

እስከ ምሳ ሠራን። ከስድስቱ ሁለቱ ወደቁ፣ አራቱ ቆሙ። አንዷ ስትቆም ዶክተሩ ጠረጴዛውን በቡጢ መትተው «ቆመች! እሰይ የእኔ ልጅ!» ብለው ጮሁ፤ ወዲያው ደነገጡ፤ ከዚያ ሳቁ። ሲስቁ የላይኛው ጥርሳቸው ሰው ሠራሽ መሆኑ ይታያል፤ አላውቅም ነበር።

በመጨረሻ እስክሪብቶ ጠየቁኝ። ሳንቲም ከሰው ወደ ሰው ሲያልፍ ከረጢቱም አብሮ ያልፋል፤ ያየው፣ የመረመረው ሰው ስም እዚያ ላይ ነው የሚቀረው። በዚያች ደቃቃ የሐኪም ጽሕፈታቸው ቀኑን ጻፉ፣ የተገኘውን ጻፉ፣ ከሥር «መርማሪ፦ ዳኒጻ ክራሊ» ብለው ጻፉ።

ሰባቱም ላይ ጻፉት። የወደቁት ሦስቱ ላይ ጭምር።